ልባቸው ሲመታ የሚደነግጡ አረጋዊ የቀድሞ ወታደርን እንቅስቃሴ እንዴት ማስጀመር ይቻላል?

ታናሽ ልጅ

አባቴ 72 ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው ለዓመታት በውጊያ ውስጥ ያለፉ ሰው ቢሆኑም ፒቲኤስዲ (ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም) እንዳለባቸው በሐኪም የተነገራቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። በሥራ ላይ ሳሉ ቀኑን ሙሉ ሲባክኑ ይውሉ ስለነበር፣ ሌሊት ሌሊት ከሚያስጮኻቸው ቅዠት በቀር እኛ ልጆቻቸው የምናውቀው ነገር አልነበረም። ሥራው ሲቆም ግን ተዳፍኖ የኖረው ሁሉ ብቅ አለ። በር ሲንኳኳ በርግገው ይነሣሉ፤ ጀርባቸውን ለሰው ሰጥተው አይቀመጡም፤ ሰው የበዛበት ቦታ መሄድ ትተዋል።

በቅርቡ ሐኪማቸው «መንቀሳቀስ ይኖርብዎታል» አሏቸው፤ ከዚህ ያለፈ ማብራሪያ አልሰጧቸውም። እኔም በቅን ልቦና ተነሣሥቼ ወደ አንድ ጂም ይዣቸው ሄድኩ። በመራመጃው ማሽን ላይ ቀስ ብለው መራመድ ከጀመሩ ስድስት ደቂቃ ያህል እንደሆናቸው፣ ከኋላቸው የነበረ ወጣት የያዘውን ከባድ ብረት መሬት ላይ ለቀቀው። አባቴ ከማሽኑ እንዴት እንደወረዱ አላየሁም። ሳያቸው ግድግዳው ጥግ በአንድ ጉልበታቸው ተንበርክከው፣ በአንድ እጃቸው የእኔን እጅጌ ጨምድደው ወደ ታች ይጎትቱኝ ነበር። ለካ እኔንም እየከለሉኝ ኖሯል።

ከዚያን ቀን ወዲህ ደረጃ መውጣት እንኳ ይሸሻሉ። ስጠይቃቸው የሚመልሱልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልቤ ሲመታ ያ ነገር ይመጣል» ይላሉ። ነገሩን ልተወው ወይስ ሌላ መንገድ አለ? ከራሱ ልምድ ወይም ከሙያው የሚያውቅ ሰው ካለ ምክሩን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ፊዚዮቴራፒስት (ከአረጋውያን ጋር የምሠራ)

አባትዎ የተናገሩት ቃል ከሐኪሙ ምክር ይልቅ የነገሩን ቁልፍ የያዘ ይመስለኛል። ሰው በሚንቀሳቀስበት ጊዜና በሚፈራበት ጊዜ በሰውነቱ ላይ የሚታየው ለውጥ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው፤ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ላብ ይመጣል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ይህን ምልክት ለረጅም ዘመን ከሞት አደጋ ጋር ሲያያይዝ የኖረ አእምሮ፣ ባለቤቱ ደረጃ ስለወጣ ይሁን ስለተተኮሰበት ቆም ብሎ ሳይለይ የማንቂያውን ደወል ይደውላል። እንዲህ ያለው ሰው የሚሸሸው ድካምን ሳይሆን የገዛ ልቡን ነው። ሽሽቱ ደግሞ ሰውነቱን ያሰንፈዋል፤ የሰነፈ ሰውነት በትንሽ ሥራ ልቡ ይበልጥ ይመታል፤ ይህም ለሽሽቱ ተጨማሪ ምክንያት ይሆናል።

ነገሩ በሕክምና ታሪክ ውስጥ አዲስ አይደለም። ጃኮብ ዳ ኮስታ የተባለ ሐኪም ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ልባቸው ስለሚመታና በትንሽ ሥራ ስለሚዝሉ 300 ያህል ወታደሮች ጽፏል፤ ሁኔታው በኋላ «የወታደር ልብ» ተባለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ብሪታንያዊው የልብ ሐኪም ቶማስ ሉዊስ ተመሳሳይ ሕሙማንን ለወራት አልጋ ላይ ከማስተኛት ይልቅ ደረጃ በደረጃ እየከበደ በሚሄድ እንቅስቃሴ ያሠራቸው ነበር። ያ አሠራር ማን ወደ ግዳጅ መመለስ እንደሚችል መለያም ስለነበረ ሙሉ በሙሉ የደግነት ሥራ ነበር ልል አልችልም። ፒቲኤስዲ ዛሬ በምናውቀው ስሙ ወደ አሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ የገባው ከዚያ በጣም ዘግይቶ እ.ኤ.አ. በ1980 ነው።

ወደ ተግባሩ ስንመጣ፣ የእኔ አካሄድ ደወሉ ከሚደወልበት መጠን በታች መጀመር ነው። አባትዎ በስድስተኛው ደቂቃ ላይ ደንግጠው ከሆነ በሦስት ደቂቃ እንጀምራለን፤ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ተቀምጠው ልባቸው እስኪረጋጋ እንጠብቃለን። ይህ የመጠበቂያ ጊዜ እረፍት ብቻ እንዳይመስልዎት፤ በእኔ እምነት ከእንቅስቃሴው የማያንስ ትምህርት ያለው እዚያ ነው። የተመታው ልብ ምንም አደጋ ሳይደርስ ራሱ ሲወርድ ሰውየው ይሰማዋል። ይህ ስሜት ደጋግሞ ሲደርስበት፣ በሰውነቱ ውስጥ «ልብ ሲመታ አደጋ አለ» ከሚለው የቆየ ትምህርት ጎን ሌላ ትምህርት ይቀመጣል።

የጥረቱ መጠን የሚለካው በንግግር ነው። እየተራመዱ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ከቻሉና መዝፈን ግን ካቃታቸው መካከለኛ ጥረት ላይ ናቸው። ለአባትዎ መጀመሪያ ላይ ከዚያም ያነሰ፣ መዝፈን የሚያስችል ጥረት ይበቃል።

ስለ ቦታው ጥቂት ልጨምር፤ ብዙው ነገር የሚበላሸው በእንቅስቃሴው ሳይሆን በቦታው ነውና። ከኋላቸው ግድግዳ፣ ከፊታቸው በሩ የሚታይበት ቦታ ይምረጡ። ብረት የሚጣልበት ክፍልና ሰው የሚበዛበት ሰዓት ይቅር። አሠልጣኙ ከኋላ አይምጣባቸው፤ ሳያስፈቅድ አይንካቸው፤ ጮክ ብሎ አይቁጠርባቸው። ጮክ ብሎ መቁጠር ለብዙ አሠልጣኞች ማበረታቻ ነው፤ ወታደር ለነበረ ሰው ግን ሌላ ትዝታ አለው። መውጣት በፈለጉበት ቅጽበት ማንንም ሳያስፈቅዱ መውጣት እንደሚችሉም አስቀድሞ ይነገራቸው። መውጣት እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ ሲቆይ አይቻለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ፣ ሦስት ቀን ደግሞ ሚዛን መጠበቅን የሚያለማምድ እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህን ቁጥር የምጠቅሰው ለወደፊቱ እንዲያውቁት እንጂ ለአባትዎ ዛሬ እንዲነግሯቸው አይደለም። በሦስት ደቂቃ ለሚጀምር ሰው 150 ደቂቃ ሲባል መስማት ገና ሳይጀምር የተሸነፈ ያህል ይሆንበታል።

የመገናኛ ሠራተኛው

ልጄ፣ እኔ 69 ዓመቴ ነው፤ በጦር ሜዳ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። የአባትሽን ነገር ሳነብ ራሴን ያየሁ መሰለኝ። እጅጌሽን ይዘው ወደ ታች መጎተታቸውን ስትጽፊ ማንበቤን አቁሜ ትንሽ ቆየሁ።

እኔን የረዳኝን ልንገርሽ። ለሰባት ዓመት ያህል ደረጃ ስወጣ ልቤ ሲመታ የምሞት ይመስለኝ ነበር። በልብ ሐኪም ተመርምሬ ልቤ ጤነኛ ነው ተባልኩ፤ ይህን መስማት ግን ምንም አልጠቀመኝም፤ ምክንያቱም እኔ የፈራሁት በሽታውን አልነበረም። በመጨረሻ አንዲት ነርስ የልብ ምቴን በራሴ ጣት መቁጠር አስተማረችኝ፤ እኔም ደብተር ገዛሁ። የሬዲዮ ሠራተኛ ነኝና ሰዓትና ቁጥር መመዝገብ ያረጋጋኛል። የመጀመሪያው መስመር እስከ ዛሬ በቃሌ ነው፤ ከመውጣቴ በፊት 78፣ 22 ደረጃ ወጥቼ 118፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ 101፣ ከሦስት ደቂቃ በኋላ 86።

ልቤ ሲወርድ በዓይኔ አየሁት ማለት ነው። ለሰባት ዓመት ልቤ ወጥቶ የሚቀር ይመስለኝ ነበር። በየቀኑ ወርዶ ስመዘግበው ቆየሁ። ከዚያ በኋላ ደረጃው ላይ ቆሜ ለራሴ ጮክ ብዬ «22 ደረጃ ስለወጣሁ ነው» እላለሁ። ጎረቤቶቼ ምን እንደሚያስቡ አላውቅም፤ ለምደውኛል።

ስለ ጂሙ የእኔ ሐሳብ ይለያል። ፊዚዮቴራፒስቱ የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው፤ ለአንዳንዶቻችን ግን ግድግዳውም በሩም ቢስተካከል ጂም ጂም ነው። እኔ ሜዳ ላይ፣ ዙሪያዬን አሻግሬ በማይበት ቦታ ነው የተራመድኩት። አባትሽን የት ቢሆን እንደሚቀላቸው ጠይቂያቸው፤ ያውቁታል።

መረጃ ጠያቂ

ውይይቱ ጠቃሚ ቢሆንም እንቅስቃሴ ፒቲኤስዲን «ያድናል» የሚል ስሜት ለአንባቢ እንዳይተላለፍ እሰጋለሁ፤ ስለዚህ ማስረጃው እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ልግለጽ።

እ.ኤ.አ. በ2015 በአውስትራሊያ የተካሄደ አንድ ጥናት በሆስፒታል ተኝተው ይታከሙ የነበሩ 81 የፒቲኤስዲ ሕሙማንን በሁለት ከፍሎ፣ አንደኛው ወገን ከተለመደው ሕክምናው ጋር ለ12 ሳምንት የጡንቻ ማጠንከሪያና የእግር ጉዞ እንዲሠራ አደረገ፤ የፒቲኤስዲ ምልክቶች በዚህኛው ወገን ይበልጥ ቀንሰዋል። እዚህ ላይ «ከተለመደው ሕክምናው ጋር» የሚለው ሐረግ ሊሠመርበት ይገባል። በዚያው ዓመት በዘርፉ የተሠሩ ጥናቶችን ያሰባሰበ ትንታኔ ያገኘው አራት ጥናቶችን ብቻ ሲሆን ተሳታፊዎቹ በድምሩ 200 ነበሩ። ስለ አረጋውያን በተለይ ሲጠየቅ ማስረጃው ከዚህም ይሳሳል። በአሜሪካ ዱራም ከተማ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ በሆኑ 54 ፒቲኤስዲ ያለባቸው የቀድሞ ወታደሮች ላይ ለ12 ሳምንት የተካሄደ የሙከራ ጥናት አለ፤ ጥሩ ጅምር ነው፤ ሆኖም 54 ሰው 54 ሰው ነው።

የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይና የመከላከያ መሥሪያ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2023 በጋራ ያወጡት የሕክምና መመሪያ በቅድሚያ የሚመክረው በአሰቃቂው ትዝታ ላይ የሚያተኩሩ የንግግር ሕክምናዎችን ነው፤ እንቅስቃሴን በራሱ የፒቲኤስዲ ሕክምና አድርጎ ለመምከር ወይም ላለመምከር ማስረጃው በቂ አይደለም ይላል። ስለዚህ እህቴ፣ አባትዎ እንዲህ ያለውን ሕክምና ካላገኙ እንቅስቃሴው እርሱን ሊተካላቸው አይችልም።

ይህን ስል ግን እንቅስቃሴ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ፒቲኤስዲ ካለባቸው ሰዎች መካከል የልብና የስኳር ሕመም በዝቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ181,000 በላይ አሜሪካውያን የቀድሞ ወታደሮችን ለሰባት ዓመት የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፣ ፒቲኤስዲ ካለባቸው 10.6 በመቶ፣ ከሌለባቸው ደግሞ 6.6 በመቶ የሚሆኑት የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። ቅዠቱ ባይቀንስ እንኳ ለልባቸው፣ ለእግራቸውና ለአእምሯቸው ሲባል መንቀሳቀሱ ዋጋ አለው። እኔ የምቃወመው ቃል መግባቱን ነው። አንድ አረጋዊ «ከተራመድክ ቅዠቱ ይጠፋል» ተብሎ ለሁለት ወር ተራምዶ ቅዠቱ ካልጠፋ፣ መራመዱንም እኛን ማመኑንም ያቆማል።

ፊዚዮቴራፒስት (ከአረጋውያን ጋር የምሠራ)

በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እኔ ለሰዎች ቃል የምገባው በሚቆጠር ነገር ብቻ ነው። ለምሳሌ ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው በ30 ሰከንድ ውስጥ ከወንበር ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ መነሣት እንደሚችሉ እንቆጥራለን። ከ70 እስከ 74 ዓመት ለሆነ ወንድ ከ12 በታች ከሆነ ከአማካይ በታች ነው ይባላል፤ የመውደቅ ስጋትንም ይጠቁማል። በየአራት ሳምንቱ እንደግመዋለን። ቁጥሩ ከፍ ካለ ማንም ሊክደው አይችልም፤ ካላለም አብረን እናየዋለን።

የሌሊት ተረኛ ነርስ

ማንም ያላነሣውን ጉዳይ ላንሣ፤ አባትዎ የሚወስዱት መድኃኒት ምንድን ነው?

ለቅዠት ፕራዞሲን የታዘዘላቸው ከሆነ ይህ መድኃኒት በመጀመሪያ ለደም ግፊት የተሠራ መሆኑን ማወቅ ይገባል። ሰው ከተኛበት ወይም ከተቀመጠበት በድንገት ሲነሣ ደም ግፊቱ ወርዶ ሊያዞረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመና 304 የቀድሞ ወታደሮች በተሳተፉበት ጥናት መድኃኒቱ ቅዠትን በመቀነስ ከማስመሰያ ክኒን የተሻለ ሆኖ አልተገኘም፤ ነገር ግን ረድቷቸው የሚወስዱት ሰዎች አሉ፤ ስለዚህ ማንም ያለ ሐኪሙ ምክር እንዳያቋርጥ። እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጠዋት ከአልጋ ሲነሣ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ይቀመጥ፣ እግሩን ያንቀሳቅስ፣ ከዚያ ይቁም፤ እንቅስቃሴውንም ገና እንደነቃ አይጀምር።

ለደም ግፊት ወይም ለልብ ቤታ ብሎከር የሚወስዱ ከሆነ መድኃኒቱ የልብ ምትን ከፍ እንዳይል ስለሚይዘው፣ «ልብዎ ይህን ያህል ይምታ» የሚለው የሰንጠረዥ ቁጥር አይሠራላቸውም። የመገናኛ ሠራተኛው የደብተር ዘዴ አሁንም ይጠቅማል፤ ቁጥሮቹን ግን ከሌላ ሰው ጋር ማወዳደር አይገባም። በዚህ ጊዜ የተሻለው ስሜትን መጠየቅ ነው። ስዊድናዊው ጉናር ቦርግ ያዘጋጀው ከ6 እስከ 20 የሚደርስ የጥረት መለኪያ አለ፤ 6 ምንም ጥረት የለም ማለት ሲሆን 20 ከዚህ በላይ አልችልም ማለት ነው። ከ11 እስከ 13 ባለው መካከል መቆየት ለአብዛኞቹ አረጋውያን ተስማሚ ነው።

ለድባቴና ለፒቲኤስዲ የሚታዘዙት ሰርትራሊንና ፓሮክሴቲን በአረጋውያን ደም ውስጥ ያለውን የሶዲየም መጠን ሊቀንሱ ስለሚችሉ አዲስ የመጣ ግራ መጋባት፣ ድካም ወይም መንገዳገድ ሲታይ «ዕድሜ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። የማረጋጊያ ክኒኖች፣ በተለይ ቤንዞዲያዘፒን የሚባሉት፣ የመውደቅን አደጋ ይጨምራሉ።

ሁለት ነገሮች ልጨምርና ላብቃ። የመጀመሪያው ጆሮ ነው። በጦር ሜዳ የኖረ ሰው ጆሮው ብዙ ጊዜ በፍንዳታ የተጎዳ ነው፤ አሠልጣኙ ከኋላ ሲናገር ስላልሰማው ብቻ ድንገት ሊደነግጥ ይችላል። ሁለተኛው እንቅልፍ ነው። አባትዎ ሲተኙ ጮክ ብለው የሚያንኮራፉና ትንፋሻቸው ቆም ቆም የሚል ከሆነ በእንቅልፍ ጊዜ የሚከሰት የትንፋሽ መቆራረጥ እንዳለባቸው ይመርመሩ፤ ይህ ሕመም ፒቲኤስዲ ባለባቸው ሰዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ካልታከመም ቀን የሚሠሩት ሁሉ በድካም ይበላባቸዋል።

የደረት ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር፣ ራስን የመሳት ስሜት ከመጣ ወዲያው ይቁም፤ «ፒቲኤስዲው ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። እነዚህ ሰዎች የልብ ሕመምም ሊይዛቸው ይችላል፤ ለዚህም ነው የልብ ምርመራው መጀመሪያ መደረግ ያለበት።

ታናሽ ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መድኃኒታቸውን አየሁ፤ ፕራዞሲኑም ቤታ ብሎከሩም አለ። የልብ ምርመራ ቀጠሮ ይዘንላቸዋል።

ጋሼ፣ እንዳሉኝ የት ቢሆን እንደሚቀላቸው ጠየቅኋቸው። መልሳቸው አስደነገጠኝ፤ «እኔ በየሌሊቱ እራመዳለሁ እኮ» አሉ። ለካ ሁልጊዜ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ተነሥተው ቤቱን ዙሪያውን ይዞራሉ፤ በሮቹን ይፈትሻሉ፤ መስኮቶቹ ሥር ቆመው ያዳምጣሉ። አርባ ደቂቃ ያህል ይፈጅባቸዋል። ይህ እንደ እንቅስቃሴ ይቆጠራል? ላስቆማቸው ወይስ ልተዋቸው?

ፊዚዮቴራፒስት (ከአረጋውያን ጋር የምሠራ)

እግሩ ይራመዳል፤ ሰውየው ግን ዘብ ቆሟል። ለጡንቻው መራመድ መራመድ ነው፤ ነገር ግን ያ ዙር ለአእምሮው በየሌሊቱ የሚሰጠው መልእክት «ዛሬም የተረፍነው ስለፈተሽኩ ነው» የሚል ስለሆነ ፍርሃቱን ይመግበዋል። ጥያቄዎ ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን የእኔ ሙያ ብቻ አይመስለኝም። በግድ ማስቆሙን አልመክርም፤ የሌሊቱን ዙር ከሥነ ልቦና ባለሙያው ጋር ቀስ በቀስ የሚቀንሱት ነገር ነው። እኔ የምችለው የቀን ጉዞ መጨመር ነው፤ የሚፈተሽ በር የሌለበት፣ መድረሻው የታወቀ፣ ዓይን ሩቅ የሚያይበት ጉዞ። በጨለማና ከእንቅልፍ ተነሥቶ መዞር ከመድኃኒታቸው ጋር ተደምሮ ሊጥላቸው ስለሚችል መተላለፊያው ላይ መብራት ይኑር፤ ይህን ዛሬውኑ ያድርጉት።

የመገናኛ ሠራተኛው

ፊዚዮቴራፒስቱ ልክ ናቸው፤ እኔም ዞሬያለሁ። እኔ ሌሊት መዞሬን ያቆምኩት ሰው ስለከለከለኝ አይደለም። አንድ ጊዜ ልጄ ሊያስቆመኝ ሞክሮ ለሁለት ሳምንት አላነጋገርኩትም።

የ38 ዓመት ባለቤት

እኔም እንደ ታናሽ ልጅ ቤተሰብ ነኝና የቤተሰብን ስሕተት ልናገር። ባለቤቴም ፒቲኤስዲ ያለበት የቀድሞ ወታደር ነው፤ እንቅስቃሴ ሲጀምር እኔ እንደ ጠባቂ ሆንኩበት። «ዛሬ ወጣህ? ስንት ደቂቃ? ለምን አልወጣህም?» እል ነበር። እያንዳንዱ ጥያቄ ጭንቀቴን ማስታገሻ እንደነበር አሁን ይገባኛል፤ እርሱ ግን የሰማው ትእዛዝ ነበር፤ በሕይወቱ ደግሞ የሚበቃውን ያህል ታዝዟል። መጠየቄን ስተው ነው በራሱ የቀጠለው። አብሬው ስሄድም ከጎኑ እንጂ ከኋላው እንዳልሄድ እጠነቀቃለሁ።

ያወጣነው አንድ ደንብ አለ። መጥፎ ሌሊት ባሳለፈ ማግሥት መቅረት የለም፤ ግን ግማሹን ብቻ ይሠራል። ሃያ ደቂቃ የነበረው አሥር ይሆናል፤ አሥር ካልተቻለ በሩ ድረስ ሄዶ መመለስ ይቆጠራል። ለእርሱ በዓመቱ ውስጥ የሚከብዱ ሁለት ቀኖች አሉ፤ ጓደኞቹ የወደቁባቸው ቀኖች ናቸው። በእነዚያ ሳምንታት ከወዲሁ ግማሽ እናደርገዋለን፤ ያን ጊዜ እንደ ሽንፈት አይቆጥረውም።

በተቃራኒውም ልብ በሉ። በአንድ ወቅት እስኪያስመልሰው ድረስ ይሮጥ ነበር። እኔ ደስ ብሎኝ «እንዴት በረታ» እል ነበር። በኋላ ራሱን እየቀጣ እንደነበር ለሐኪሙ ነገረው፤ ከጓደኞቹ መካከል እርሱ ብቻ በመትረፉ። ስለዚህ ብዙ መንቀሳቀስ ሁልጊዜ መልካም ምልክት አይደለም።

በቡድን መሥራት በጣም ረድቶታል፤ በተለይ ሌሎች የቀድሞ ወታደሮች ያሉበት። እዚያ አንዱ በድንገት ተነሥቶ ቢወጣ ማንም ዞሮ አያየውም፤ ሲመለስም ማንም አይጠይቀውም።

መረጃ ጠያቂ

የባለቤቱን ምስክርነት አከብራለሁ፤ ሆኖም ቡድን ለሁሉም አይሆንም። በአንዳንድ ቡድኖች ወሬው ዞሮ ዞሮ ጦርነቱ ላይ ይወድቅና ሰውየው ታውኮ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሌላው ጥያቄዬ፣ ለአሠልጣኙ ስለ ፒቲኤስዲው መንገር ግድ ነው? እኔ ሊነገረው ይገባል እላለሁ።

የመገናኛ ሠራተኛው

እኔ አልልም። የሕመሙን ስም ሲሰሙ ፊታቸው የሚለወጥ አሠልጣኞች አሉ፤ አንዱ ከዚያ በኋላ እንደ ፈንጂ ይጠጋኝ ጀመር። ሦስት ነገር መናገር ይበቃል፤ «ከኋላዬ አትምጣ። ሳትነግረኝ አትንካኝ። ከወጣሁ አትከተለኝ።» ምክንያቱን ከጠየቀ «ልማዴ ነው» እላለሁ።

የሌሊት ተረኛ ነርስ

የሕመሙን ስም መናገር የአባትየው ውሳኔ ነው። መድኃኒቱንና የልብ ሁኔታውን ግን አሠልጣኙ ማወቅ አለበት፤ ይህ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም።

ታናሽ ልጅ

ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጥቻለሁ። የልብ ምርመራው ደህና ነው። ሐኪማቸው የፕራዞሲኑን መጠን አስተካከሉ፤ የንግግር ሕክምናም በሳምንት አንድ ጊዜ ጀምረዋል፤ ሦስት ጊዜ ሄደው አንዴ ቀርተዋል።

መራመድ የጀመሩት በሦስት ደቂቃ ነው፤ አሁን 14 ደርሰዋል። የመረጡት ቦታ ዙሪያው የሚታይ ሜዳ ነው። ከወንበር መነሣቱ በመጀመሪያው ቀን 7 ነበር፤ ትናንት 9 ሆነ። ቅዠቱ እንዳለ ነው፤ መረጃ ጠያቂ ያሉትን ባላነብ ኖሮ ተስፋ እቆርጥ ነበር። የሌሊቱ ዙርም አልቆመም፤ መብራቱን ግን አድርጌያለሁ፤ እንዲያውም እሳቸው አንዱን አምፖል በደንብ አላበራም ብለው ቀየሩት።

ደብተር ገዛሁላቸው፤ በመጀመሪያ ናቁት። ባለፈው ሳምንት ግን ደረጃው መሐል ላይ ቆመው ሁለት ጣታቸውን አንጓቸው ላይ አድርገው ሰዓታቸውን ሲያዩ አገኘኋቸው። ምንም ሳልል አለፍኩ። ማታ ደብተሩን ሲያሳዩኝ ግን አራት ቀን ምንም አልተጻፈበትም፤ በዚህም ተናደው «ይህ ነገር ለእኔ አይሆንም» አሉኝ። ጋሼ፣ ለዚህ ምን ልበላቸው?

የመገናኛ ሠራተኛው

ልጄ፣ አንቺ ምንም አትበያቸው። የእኔን የመጀመሪያ ደብተር ሦስተኛ ገጽ ፎቶ አንሥቼ እልክልሻለሁ፤ አሳዪያቸው። አሥራ አንድ ቀን ባዶ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ በእርሳስ «80፣ 115፣ 99፣ 88» ተብሎ ተጽፏል።